ፍጹም ትራንስፎርመር ውስጥ ፍለክስ ከየት ይመጣል? ከስሌት እስከ መለኪያ

የትራንስፎርመርን ትምህርት የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ፍጹም ትራንስፎርመር ጭነት ከሌለበት ፕራይመሪው (ከመስመሩ ጋር የሚያያዘው ጥምጥም) ምንም ከረንት አይስብም ይባላል። ጭነት ሲገባበት ደግሞ የፕራይመሪውና የሴኮንደሪው (ለጭነቱ የሚሰጠው ጥምጥም) አምፔር-ዙር፣ ማለትም ከረንቱ በዙሩ ብዛት ሲባዛ የሚገኘው፣ እኩል ስለሆነ ተጠፋፍቶ ዜሮ ይሆናል ይባላል። ከረንት ከሌለ፣ ካለም ተጠፋፍቶ ካለቀ፣ ኮሩ (ሽቦው የሚጠመጠምበት ብረት) ውስጥ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን መግነጢሳዊ ፍለክስ ማን ፈጠረው?

መልሱን ያልያዘ ሰው ትራንስፎርመር ሲጠመጥም የዙሩን ቁጥር በግምት ይወስዳል፤ ሲቃጠልበትም ምክንያቱን አያገኘውም። ስለዚህ ጥያቄውን ከአንድ ሊሠራ ከሚችል ትራንስፎርመር ጋር አያይዘን ደረጃ በደረጃ እንፍታው።

የምንሠራበት ትራንስፎርመር

በኢትዮጵያ መስመር ማለትም በ220 ቮልትና በ50 ሄርዝ የሚሠራ፣ 12 ቮልት 5 አምፔር የሚሰጥ፣ 60 ቮልት-አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር እንያዝ። ኮሩ ኢ-አይ 96 ከሚባለው ላሜራ፣ ማለትም የE እና የI ቅርጽ ካላቸው ስስ የብረት ቅጠሎች፣ የተሠራ ነው። የኢው መካከለኛ እግር 32 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ላሜራዎቹ ተደርድረው 34 ሚሊሜትር ይቆለላሉ። 3.2 በ3.4 ሲባዛ 10.9 ካሬ ሴንቲሜትር ይመጣል። በላሜራዎቹ መካከል ያለው መከለያና ክፍተት ብረት ስላልሆነ በ0.92 አባዙት፤ እውነተኛው የብረት ስፋት 10 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ፍለክሱ ዞሮ የሚመለስበት መንገድ አማካይ ርዝመት የመካከለኛው እግር ስፋት 6 እጥፍ ነው፤ 19.2 ሴንቲሜትር።

ብረቱ እንዲሸከም የምንፈቅድለት ከፍተኛ የፍለክስ እፍጋት (ፍለክሱ ለብረቱ ስፋት ሲካፈል) 1.2 ቴስላ ይሁን። የሲሊኮን ብረት ከዚህ በላይ መሄድ ይችላል። ሆኖም መስመሩ አንዳንዴ 250 ቮልት በሚደርስበት ሰፈር፣ ለ1.5 ቴስላ የተጠመጠመው ወደ 1.7 ይወጣና መጮህና መሞቅ ይጀምራል። በ1.2 የተጠመጠመው ግን 1.36 ላይ ይቆማል። ላሜራው ከተቃጠለ ስታቢላይዘር የወጣና ዓይነቱ የማይታወቅ ከሆነ ከ1.2 አትለፉ፤ 1.0 ብትይዙ የበለጠ ያስተማምናል።

ደረጃ 1፦ «ፍጹም» የሚለውን ቃል በትክክል ያዙ

ፍጹም ትራንስፎርመር የሚባለው አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ሽቦው ተቃውሞ የለውም። ኮሩ በሙቀት የሚያባክነው ኃይል የለም። ፍለክሱ በሙሉ በሁለቱም ጥምጥሞች ውስጥ ያልፋል፤ በአየር የሚያመልጥ የለም። አራተኛው የግራ መጋባቱ ምንጭ ነው፤ የኮሩ ፐርሚየቢሊቲ መጨረሻ የለውም፣ በሌላ አነጋገር ኮሩ ለፍለክስ ምንም ዓይነት ተቃውሞ አያቀርብም።

የመጀመሪያውን ሁኔታ በደንብ አስቡበት። ሽቦው ተቃውሞ ከሌለው፣ ከሶኬቱ የሚመጣውን 220 ቮልት ምን ይመክተዋል? ከውስጥ የሚነሳ ተቃራኒ ቮልቴጅ ብቻ። ያ ቮልቴጅ ደግሞ የሚወለደው በጥምጥሙ ውስጥ የሚያልፈው ፍለክስ ሲለዋወጥ ነው፤ ፋራዴይ በ1831 በብረት ቀለበት ላይ ሁለት ጥምጥም አድርጎ ያሳየው ይኼንኑ ነበር። እንግዲህ ጥምጥሙ ከመስመሩ ጋር እስከተያያዘ ድረስ ፍለክሱ መስመሩን በሚመክት ፍጥነት ከመለዋወጥ ሌላ አማራጭ የለውም።

ደረጃ 2፦ ፍለክሱ በየቅጽበቱ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ አስሉ

ሕጉ አጭር ነው፦

የፍለክስ ለውጥ በሰከንድ = የቅጽበቱ ቮልቴጅ ÷ የዙር ብዛት

እዚህ ውስጥ ከረንት የለም፤ የብረቱም ዓይነት የለም። ፕራይመሪው 826 ዙር ነው እንበል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ በሚቀጥለው ደረጃ ይታያል። 220 ቮልት ሲባል ጫፉ 311 ቮልት ነው። ቮልቴጁ ጫፉ ላይ ባለበት ቅጽበት 311 ለ826 ሲካፈል 0.377 ይመጣል፤ ፍለክሱ በየአንድ ሚሊሰከንዱ በ0.377 ሚሊዌበር እየጨመረ ነው ማለት ነው (ዌበር የፍለክስ መለኪያ ነው)።

ይህ ፍጥነት ለሩብ ዑደት፣ ለ5 ሚሊሰከንድ፣ ሳይቀንስ ቢቆይ ፍለክሱ 1.88 ሚሊዌበር በደረሰ ነበር። ነገር ግን ቮልቴጁ እየወረደ ይሄዳል፤ የፍለክሱም ጭማሪ አብሮ ይዘገያል። ቮልቴጁ ዜሮ ሲነካ ጭማሪው ያቆማል፣ ፍለክሱም ጫፉን 1.2 ሚሊዌበርን ይይዛል። ቮልቴጁ ወደ ሌላው አቅጣጫ ሲገለበጥ ፍለክሱ መውረድ ይጀምራል።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። ቮልቴጁ ጫፉ ላይ ሲሆን ፍለክሱ ዜሮ ነው፤ ቮልቴጁ ዜሮ ሲሆን ፍለክሱ ጫፉ ላይ ነው። ፍለክሱ ከቮልቴጁ ሩብ ዑደት ወደኋላ ይቀራል የሚባለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ በግማሽ ዑደት ማለትም በ10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ፍለክሱ ከ1.2 ቁልቁል እስከ 1.2 ሽቅብ ይጓዛል፤ ጠቅላላ ጉዞው 2.4 ሚሊዌበር ነው።

ደረጃ 3፦ ከፍተኛውን ፍለክስና የዙሩን ብዛት አውጡ

ቮልቴጁ ሳይን ከሆነ ከላይ ያለው ስሌት ወደዚህ ይጠቀለላል፦

ከፍተኛ ፍለክስ = ቮልቴጅ ÷ (4.44 × ፍሪኩዌንሲ × ዙር)

4.44 የሚለው ቁጥር ሁለት ጊዜ ፓይ ለ2 ስኩዌር ሩት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ቮልቴጁ መልቲሜትር የሚያነበው እንጂ ጫፉ አይደለም።

ዙሩን ለማግኘት አዙሩት። 1.2 ቴስላ በ10 ካሬ ሴንቲሜትር ማለትም በ0.001 ካሬ ሜትር ሲባዛ 0.0012 ዌበር ይሆናል። 4.44 × 50 × 0.0012 ሲባዛ 0.2664 ይመጣል። 220ን ለዚህ ስታካፍሉ 826 ዙር። ለአንድ ቮልት 3.75 ዙር ማለት ነው፤ ይህን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙት፣ ከአሁን በኋላ ለሁሉም ጥምጥም ያገለግላል። ለ12 ቮልት ሴኮንደሪ በፍጹም ትራንስፎርመር 45 ዙር ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። «ዙር በበዛ ቁጥር መግነጢሱ ይበረታል» የሚለው አባባል ከባትሪ ጋር ለሚሠራ ኤሌክትሮማግኔት በተወሰነ መልኩ ልክ ነው። በቋሚ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ለሚሠራ ትራንስፎርመር ግን ተቃራኒው ነው፤ ዙር ሲቀንስ ፍለክሱ ይጨምራል። ሽቦ ለመቆጠብ 826ቱን ወደ 600 ያወረደ ሰው ብረቱን 1.65 ቴስላ አስሸክሞታል።

ደረጃ 4፦ አሁን ወደ እንቆቅልሹ ተመለሱ፤ ከረንቱ የት ሄደ?

ፍለክሱ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ቮልቴጁ ወስኗል። የቀረው ጥያቄ፣ ያን ፍለክስ ለመያዝ ስንት ከረንት ይፈጃል የሚለው ነው። ይህንን የሚመልሰው ብረቱ ነው። ተመሳሳዩን 1.2 ሚሊዌበር በተለያዩ ብረቶች ውስጥ አሳልፉትና ተመልከቱ፤ ቁጥሮቹ መልቲሜትር የሚያነባቸው ናቸው፦

ፐርሚየቢሊቲው ከአየር 1,000 እጥፍ ከሆነ፦ 157 ሚሊአምፔር
4,000 እጥፍ ከሆነ፦ 39 ሚሊአምፔር
40,000 እጥፍ ከሆነ፦ 4 ሚሊአምፔር ገደማ
መጨረሻ የሌለው ከሆነ፦ ዜሮ

በአራቱም ፍለክሱ አልተነቃነቀም፤ 1.2 ሚሊዌበር ነው። የተለወጠው የከረንቱ ወጪ ብቻ ነው። ፍጹም ትራንስፎርመር የዚህ ዝርዝር የመጨረሻው መስመር ነው፤ ኮሩ ተቃውሞ ስለሌለው ፍለክሱ ያለ ምንም አምፔር-ዙር ይያዛል። «ከረንት ዜሮ ነውና ፍለክሱም ዜሮ ነው» የሚለው ድምዳሜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አምፔር-ዙር ማለት ፍለክስ በኮሩ ተቃውሞ ሲባዛ ነው፤ ተቃውሞው ዜሮ ከሆነ ፍለክሱ ስንትም ቢሆን ውጤቱ ዜሮ ይመጣል። ስለዚህ በፍጹም ኮር ውስጥ ፍለክስን ከከረንት ተነስቶ ማስላት አይቻልም፤ መነሻው ሁልጊዜ ቮልቴጅ ነው።

በእውነተኛው ኮር ላይ ደግሞ መገጣጠሚያው ከብረቱ ያልተናነሰ ከረንት ይበላል። ኢውና አይው በሚገናኙበት ቦታ ላይ በድምሩ 0.05 ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር፤ ይህ የአንድ ወረቀት ግማሽ ውፍረት ነው። ይህች ክፍተት ብቻዋን 48 አምፔር-ዙር ትጠይቃለች። 19.2 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው 4,000 እጥፉ ብረት በሙሉ የሚጠይቀው 46 ነው። ክፍተቷ ማግኔታይዚንግ ከረንቱን፣ ማለትም ፍለክሱን ለመያዝ የሚፈጀውን ከረንት፣ ከ39 ወደ 80 ሚሊአምፔር ገደማ አደረሰችው። ፍለክሱስ? እዚያው ነው። ላሜራ ሲገባ አንዱ ከቀኝ ቀጣዩ ከግራ እየተቀያየረ የሚደረደረው መገጣጠሚያዎቹ በአንድ መስመር እንዳይውሉና ይህ ወጪ እንዲቀንስ ነው።

ደረጃ 5፦ ጭነት ሲገባ የሚሆነውን በቅደም ተከተል ተከተሉ

ሴኮንደሪው 5 አምፔር ሰጠ እንበል። በ45 ዙር ሲባዛ 225 አምፔር-ዙር ይሆናል፤ አቅጣጫውም ፍለክሱን የሚቃወም ነው። ፍለክሱ በጥቂቱ ሊቀንስ ሲል በፕራይመሪው ውስጥ ያለው ተቃራኒ ቮልቴጅ መስመሩን መመከት ያቅተዋል። ክፍተቱን መስመሩ ወዲያው ይሞላዋል፤ ፕራይመሪው ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ የሚስበውም 225 አምፔር-ዙር እስኪሞላ ነው። 225 ለ826 ሲካፈል 0.272 አምፔር ነው፤ 60 ለ220 ሲካፈልም 0.273፣ ያው ቁጥር ማለት ይቻላል፣ ይመጣል። ፍለክሱ ወደ ቦታው ተመልሷል። በፍጹም ትራንስፎርመር ይህ ሁሉ ጊዜ አይፈጅም፣ ፍለክሱም ለቅጽበት እንኳ አይቀንስም።

የጭነቱን ከረንት ይዞ ፍለክስ ማስላት ምን ያህል እንደሚያስት በዚሁ ትራንስፎርመር ማየት ይቻላል። የፕራይመሪውን 0.273 አምፔር ብቻ ወስዳችሁ በ4,000 እጥፉ ኮር ብታሰሉት 8.3 ሚሊዌበር ታገኛላችሁ፤ በ10 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 8.3 ቴስላ። የሲሊኮን ብረት 2 ቴስላ አካባቢ ይጠግባል። የሴኮንደሪውን 225 አምፔር-ዙር መቀነስ የረሳ ስሌት ሁልጊዜ እንዲህ የማይሆን ቁጥር ይሰጣል።

ደረጃ 6፦ ጠምጥማችሁ ለኩት

ፍለክስ አይታይም፤ ግን በአሥር ዙር ሽቦ ይነበባል።

ፕራይመሪውን በ0.4 ሚሊሜትር የኢናሜል ሽቦ 826 ዙር ጠምጥሙ፤ በ44 ሚሊሜትር የቦቢን ስፋት 9 ድርብ ያህል ይሆናል። በላዩ ቢያንስ ሦስት ድርብ የትራንስፎርመር ቴፕ ጠቅልሉ፤ በ220ው መስመርና በሰው እጅ መካከል ያለው መከላከያ ይኸው ስለሆነ አትሰስቱበት። ሴኮንደሪው በ1.6 ሚሊሜትር ሽቦ 48 ዙር ይሁን። ከስሌቱ 45 ላይ ሦስት የጨመርነው እውነተኛ ሽቦ ተቃውሞ ስላለው በጭነት ጊዜ የሚወርደውን ቮልቴጅ ለማካካስ ነው። በመጨረሻ ከሁሉም በላይ በቀጭን ሽፋን ባለው ሽቦ 10 ዙር የመለኪያ ጥምጥም አድርጉና ጫፎቹን አውጡ። ላሜራውን አስገብታችሁ በቡሎን አጥብቁት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰኩት በፕራይመሪው ተከታታይ 100 ዋት የክር አምፖል እሰሩ። አምፖሉ ካልበራ ወይም ጭል ጭል ብቻ ካለ ጤነኛ ነው። ደምቆ ከበራ ወዲያው ንቀሉ። ሽቦ በነካችሁ ቁጥር ስፒናውን መጀመሪያ ንቀሉ፤ 220 ቮልት ይገድላል።

አምፖሉን አውጥታችሁ በቀጥታ ስትሰኩት ሴኮንደሪው ያለ ጭነት 12.8 ቮልት ገደማ፣ የመለኪያ ጥምጥሙ 2.66 ቮልት ያነባሉ። 2.66ን ለ4.44 × 50 × 10 ስታካፍሉ 1.2 ሚሊዌበር ይወጣል። አሁን 12 ቮልት 50 ዋት የሃሎጅን አምፖል ሴኮንደሪው ላይ እሰሩና መለኪያውን ድጋሚ ተመልከቱ፤ 2.60 አካባቢ ይሆናል። የጠፋው 2 በመቶ በፕራይመሪ ሽቦው 19 ኦም ገደማ ተቃውሞ ላይ የቀረ ቮልቴጅ ነው። ሽቦው ያለ ተቃውሞ ቢሆን ኖሮ ንባቡ አይነቃነቅም ነበር። የፕራይመሪው ከረንት በብዙ ሲያድግ ፍለክሱ እንዲያውም በትንሹ መቀነሱን በዓይናችሁ አያችሁ።

የሚበላሸውና ምክንያቱ

*የ60 ሄርዝ ዕቃ።* ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ድምፅ ማጉያ ወይም ማይክሮዌቭ ላይ ብዙ ጊዜ 120 ቮልት 60 ሄርዝ ብቻ ተጽፎ ይገኛል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርደው ሳጥን ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይነካም፤ 50 ሄርዝ ገብቶ 50 ሄርዝ ይወጣል። በቀመራችን ፍሪኩዌንሲው ከታች ስለሆነ በ120 ቮልት ፍለክሱ በ20 በመቶ ያድጋል፤ በ1.4 ቴስላ የተሠራ ትራንስፎርመር 1.68 ላይ ይወጣል። በ110 ቮልት ከሆነ ጭማሪው 10 በመቶ ነው፣ 1.54 ቴስላ። ስለዚህ ለዚህ ዓይነት ዕቃ 110 የሚሰጠው አውራጅ 120 ከሚሰጠው ይሻላል። ዕቃው በስህተት 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ ግን ፍለክሱ 2.2 እጥፍ መሆን ይፈልጋል። ብረቱ ያን ሊይዝ አይችልም፤ ይጠግባል፣ ተቃራኒው ቮልቴጅ ይጎድላል፣ ከረንቱ ያሻቅባል፣ ፊውዙ ይበጠሳል። ፊውዝ ከሌለው ሽቦው ይበጠሳል።

*ባትሪ ማገናኘት።* በ12 ቮልት ባትሪ ፕራይመሪውን ብታያይዙት ፍለክሱ ያለማቋረጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ያድጋል። በ83 ሚሊሰከንድ 1.2 ሚሊዌበር ይደርሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ብረቱ ይጠግባል። ከዚያ በኋላ ከረንቱን የሚገታው የሽቦው 19 ኦም ብቻ ነው፤ 0.63 አምፔር፣ ለ0.27 በታሰበ ሽቦ ላይ። ሴኮንደሪው ላይም ምንም አይገኝም፣ ፍለክሱ መለዋወጥ አቁሟልና። ባትሪውን ስትነቅሉ ጫፎቹን በእጅ አትያዙ፤ ፍለክሱ በድንገት ሲወድቅ የሚያነሳው ቮልቴጅ ያስደነግጣል።

*ሁለት 110 ፕራይመሪዎችን በተገላቢጦሽ ማሰር።* አንዳንድ ትራንስፎርመር ሁለት ባለ 110 ጥምጥም ይኖረዋል፤ ለ220 በተከታታይ ይታሰራሉ። አንዱ ከተገለበጠ ሁለቱ ጥምጥሞች አንዱ የሠራውን አንዱ ያፈርሰዋል። የተጣራው ዙር ዜሮ ስለሆነ የፈለገው ፍለክስ ቢኖር መስመሩን የሚመክት ቮልቴጅ አይነሳም። ፊውዙ በዚያው ቅጽበት ይሄዳል። ከማሰራችሁ በፊት ትንሽ ቮልቴጅ፣ ለምሳሌ ከሌላ ትራንስፎርመር 12 ቮልት ተለዋዋጭ፣ በአንደኛው ጥምጥም ላይ ስጡ። የአንደኛውን መጨረሻ ከሁለተኛው መጀመሪያ አገናኙና በቀሩት ሁለት ጫፎች መካከል ለኩ። 24 ካነበበ ትክክል ነው፤ ዜሮ ካነበበ የሁለተኛውን ጫፎች ቀያይሩ።

*ያለ ጭነት የሚሞቅ።* ያለ ጭነት 40 እስከ 80 ሚሊአምፔር ለዚህ ትራንስፎርመር ጤና ነው። ከ200 በላይ ከሆነ የመለኪያ ጥምጥሙን ተመልከቱ። 2.66 እያነበበ ላሜራው የሚንጫጫ ከሆነ ቡሎኑ ላልቷል ወይም መገጣጠሚያው ተራርቋል። ንባቡ ከ2.66 ከፍ ካለ ዙሩ ጎድሏል፤ ለምሳሌ 3.1 ካነበበ ፕራይመሪው 710 ዙር ገደማ ነው፣ ፈታችሁ ድገሙት። ንባቡ ትክክል ሆኖ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ ሁለት ዙር ኢናሜላቸው ተፍቆ ተነካክተዋል። ያች የተዘጋች አንዲት ዙር እንደ ሴኮንደሪ ሆና ከፍተኛ ከረንት ታዞራለች፣ ፕራይመሪውም ለእሷ ማካካሻ ይስባል።

*ሲሰካ ብቻ ፊውዝ የሚበጥስ።* ማብሪያው የተጫነው ቮልቴጁ ዜሮ በነበረበት ቅጽበት ከሆነ ፍለክሱ ከዜሮ ተነስቶ በግማሽ ዑደት ሙሉውን 2.4 ሚሊዌበር በአንድ አቅጣጫ ሊጓዝ ይሞክራል። 2.4 ቴስላ ላይ ብረቱ ስለሚጠግብ ለጥቂት ዑደቶች ትልቅ ከረንት ይፈሳል። በቀደመው አጠፋፍ ብረቱ ውስጥ የቀረ መግነጢስ በዚያው አቅጣጫ ከነበረ ይባስ ይበረታል። ቮልቴጁ ጫፉ ላይ እያለ ከተጫነ ግን ምንም አይሆንም፤ ለዚህ ነው ትራንስፎርመሩ አንዴ በሰላም ተነስቶ ሌላ ጊዜ ፊውዝ የሚበላው። ትራንስፎርመሩን አትፍቱት። ለዚህ መጠን ዘግይቶ የሚበጠሰውን ዓይነት 0.5 አምፔር ፊውዝ አስገቡ።